አንድ መምህር ለስምንት ቤት፦ የጋራ ጥናት በደሴና በኮምቦልቻ፣ የመምህሩም ተጨማሪ ገቢ

ለተጨማሪ ገቢ የሚያስጠና መምህርና ለልጁ አስጠኚ የሚፈልግ ወላጅ ደሴ ውስጥ የሚገናኙት በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው መምህሩ ቤት ለቤት እየዞረ አንድ ልጅ ወይም ወንድምና እህት የሚያስጠናበት ነው። ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ ራሱ ከሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ የሚሰጠው፣ ወላጅ ለብቻው የሚከፍልበት ማጠናከሪያ ትምህርት ነው። ሦስተኛው ጎላ ብሎ አይታይም፤ ማስታወቂያም የለውም። ሰባት ስምንት ጎረቤት ተነጋግሮ፣ ቦታ አፈላልጎ፣ አንድ መምህር በጋራ ይይዛል፤ ወጪውንም ይካፈላል።

ይህ ሦስተኛው መንገድ ለመምህሩ ኪስም ለልጁ ዕውቀትም ከሁለቱ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። ቡድኑን የሚያቋቁሙት፣ ዋጋውን የሚነጋገሩትና ገንዘቡን የሚሰበስቡት ወላጆች መሆን አለባቸው። መምህሩ ራሱ ተማሪ መልምሎ፣ ራሱ ዋጋ ቆርጦ፣ ራሱ ከልጅ እጅ ብር የሚቀበል ከሆነ ጥቅሙ ሁሉ ይገለበጣል። እንዴት እንደሚገለበጥ ወደ ኋላ በዝርዝር እመለስበታለሁ።

የፍላጎቱን ምንጭ ለመረዳት አንድ ልጅ ማሰብ ይበቃል። በ2012 ዓ.ም. ሁለተኛ ክፍል የነበረ የደሴ ልጅ፣ ክፍል ሳይደግም ከመጣ፣ በ2018 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋበት። አራተኛ ክፍል እንደገባ፣ በጥቅምት 2014፣ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ እስኪመለሱ ድረስ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ተሰድዶ ነበር። ሲመለስ የጠበቀው ብዙ ቦታ ላይ የተሰባበረ ወንበርና የተዘረፈ ቢሮ ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ የቀጠለው ግጭት አለ። በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸው በተደጋጋሚ ተገልጿል። የደሴው ልጅ ከእነዚህ አንጻር ዕድለኛ ነው፤ ትምህርት ቤት እየሄደ ነው። ነገር ግን ማባዛትን ሊያጠነክር ሲል አንድ ጊዜ፣ ክፍልፋይ ሊጀምር ሲል ሌላ ጊዜ ተቋርጦበታል። መጽሐፉ ግን አልጠበቀውም።

ከፊቱ ያለው ፈተና ደግሞ ወላጅን እንቅልፍ የሚነሳ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በዚያ ዓመት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2 ከመቶ፣ በ2016 5.4 ከመቶ፣ በ2017 8.4 ከመቶ ነበሩ። እየተሻሻለ ነው፤ ሆኖም ከመቶ ልጅ ከ90 በላይ የሚሆነው ግማሹን ሳያመጣ የሚወጣበት ፈተና ነው። ይህን ያየ ወላጅ፣ ልጁ ገና ስድስተኛ ክፍል ሳለ አስጠኚ ቢፈልግ የሚያስገርም አይደለም።

በሌላ በኩል መምህሩ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ዘለለ፤ የዘይቱና የልብሱ ዋጋም ተከትሎት ሄደ። መንግሥት ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዙን ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አሳድጓል። ጭማሪው ትንሽ አይደለም። ግብርና ጡረታ ተቆርጦ፣ የቤት ኪራይ ተከፍሎ፣ ለገጠር ወላጆች ትንሽ ተልኮ ሲያበቃ የሚተርፈው ግን ወሩን አያደርስም። ስለዚህ መምህሩ ከደመወዙ ውጭ ሥራ ይፈልጋል። ባጃጅ ከሚያሽከረክር ወይም ሱቅ ከሚጠብቅ ደግሞ የሠለጠነበትን ቢሸጥ ለራሱም ለከተማውም ይበጃል።

ሒሳቡ በወረቀት ላይ

ብዙ መምህራን ተጨማሪ ገቢያቸውን የሚያስቡት በወር በሚቀበሉት ብር ነው። በሰዓት ቢያስቡት ሌላ ነገር ያያሉ። የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ያህል የወሰድኋቸው ናቸው፤ ዋጋው በየሰፈሩና በየክፍሉ ስለሚለያይ አንባቢ የራሱን ቁጥር ተክቶ ሊያሰላው ይችላል።

መምህሩ አንድ ልጅ በቤቱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ያስጠናል እንበል። በወር 12 ቀን ነው፤ 18 ሰዓት። ደርሶ መልስ 40 ደቂቃ ከፈጀበት መንገዱ 8 ሰዓት ይበላል። በጠቅላላው 26 ሰዓት። ክፍያው 2,000 ብር ቢሆንና ለባጃጅ በቀን 40 ብር ቢያወጣ፣ በእጁ የሚቀረው 1,520 ብር ነው። በሰዓት ከ60 ብር በታች ማለት ነው፤ ያውም የዝግጅት ጊዜው ሳይቆጠር። ደሴ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ከሸዋ በር ሆጤ፣ ከሆጤ ገራዶ እያለ በአንድ ምሽት ሦስት ቤት የሚያዳርስ መምህር በማግስቱ መደበኛ ክፍሉ የሚገባው ደክሞት ነው። ያንን የሚከፍሉት መደበኛ ተማሪዎቹ ናቸው።

አሁን ስምንት ቤተሰብ ተሰባስቦ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት እንዲያስተምር ይያዘው። እያንዳንዱ ቤት 500 ብር ቢያዋጣ 4,000 ብር ይሆናል። ማስተማሩ 16 ሰዓት፣ መንገዱ ከአምስት ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሰዓት ለዝግጅትና ለእርማት ቢሰጥ 8 ሰዓት ይጨመራል። በጠቅላላው ወደ 29 ሰዓት ተኩል። ለመጓጓዣ 320 ብር፣ ለፎቶ ኮፒና ለማርከር 400 ብር ቢወጣ የሚቀረው 3,280 ብር ነው። በሰዓት 110 ብር ገደማ ይደርሳል፤ ይህ የዝግጅት ጊዜው ተቆጥሮ ነው። ወላጁ በፊት ብቻውን 2,000 ከሚከፍል አሁን የሚከፍለው 500 ነው። ሁለቱም ወገን የሚጠቀምበት ውል በዚህ ዘመን ብዙ አይገኝም።

ይህ ስሌት ግን በቀላሉ ይናጋል። ከስምንቱ ሦስቱ በሁለተኛው ወር ቢቀሩ ገቢው ወደ 2,500 ይወርዳል፤ ወጪው ሲነሳለት በሰዓት 65 ብር ይሆንና ከቤት ለቤቱ ብዙም አይሻልም። መምህሩ የሚያስተምርበት ሰዓት በልጅ ቁጥር አይቀንስምና። ሌላም አለ። የትምህርት ዓመቱ አሥር ወር ቢሆንም መስከረም ላይ ወላጅ በመመዝገቢያ፣ በደብተርና በደንብ ልብስ ተራቁቷል፤ ጥር አጋማሽ የፈተናና የእረፍት ነው፤ ሰኔ ደግሞ ይቆራረጣል። በእርግጠኝነት ገንዘብ የሚገባባቸው ወራት ሰባት ቢሆኑ የዓመቱ ገቢ 22,960 ብር ነው፤ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 1,900 ብር ገደማ። የቤት ኪራይን በዚህ ገቢ ተማምኖ ከፍ ወዳለ ቤት የሚገባ መምህር ነሐሴ ላይ ይቸገራል። ይህ ገቢ ለልጅ ደብተር፣ ለክረምት ትምህርት ክፍያ፣ ለዕቁብ የሚሆን ገቢ ነው። ቢያንስ እንደዚያ ቢታሰብ ይሻላል።

የራስን ተማሪ ማስጠናት

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። መምህሩ በመደበኛ ክፍሉ የሚያስተምረውን፣ ማርክ የሚሰጠውን ልጅ ከክፍል ውጭ በገንዘብ ሲያስጠና የሚሆነው ምንድን ነው?

ጨዋ መምህር ቢሆን እንኳ ችግር ውስጥ ይገባል። ጠዋት ክፍል ውስጥ በደንብ ያላብራራውን ነገር ከሰዓት በኋላ ለከፈሉት በእርጋታ ያብራራል። ሆን ብሎ ላይሆን ይችላል፤ 60 እና ከዚያ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል የማይቻለው በስምንት ልጅ ስለሚቻል ነው። ያልከፈለው ልጅ ግን የሚያየው ውጤቱን ነው። ቀጥሎ የወር ፈተና ይመጣል፤ በጥናቱ ላይ የተሠራው ጥያቄ ቁጥሩ ብቻ ተቀይሮ ፈተናው ላይ ይወጣል። መምህሩ ያወጣው ጥያቄ ከመምህሩ ልምድ ውጭ ሊሆን አይችልምና። ከዚያ በኋላ ወላጆች ይነጋገራሉ፤ "እሱ ጋ ያላስጠና ማርክ አያገኝም" የሚል ወሬ ይወጣል። ወሬው እውነት ባይሆን እንኳ ልጆቻቸውን የሚልኩት ከዚያ በኋላ በፍርሃት ነው። በፍርሃት የሚከፈል ገንዘብ ደግሞ የማስተማር ዋጋ መሆኑ ቀርቷል።

የሚያሳዝነው፣ ይህን ወጥመድ ማስቀረት አስቸጋሪ አለመሆኑ ነው። መምህሩ ማርክ የማይሰጠውን ልጅ ብቻ ያስጠና። በሌላ ትምህርት ቤት ያለውን፣ ወይም በራሱ ትምህርት ቤት ቢሆን ሌላ መምህር የሚይዘውን ክፍል። ወላጆች ቡድኑን ሲያቋቁሙ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው "መምህሩ ከእኛ ልጆች ውስጥ የሚያስተምረው አለ ወይ?" የሚል መሆን አለበት። አለ ከሆነ ሌላ መምህር ይፈለጋል፤ መምህሩ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን። ደሴና ኮምቦልቻ መምህር የጠፋባቸው ከተሞች አይደሉም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ላይ አለ፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህራንም በየሰፈሩ አሉ። ጡረተኛ መምህርን የሚያስታውስ ወላጅ ጥቂት መሆኑ ይገርመኛል። ጊዜ አለው፣ ትዕግሥት አለው፣ ከማንም ማርክ ጋር አይነካካም፣ ተጨማሪዋ ገቢም ከሁሉ በላይ የምታስፈልገው ለእሱ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተም መምህሩ ከስምንት ቤት ስምንት ጊዜ መጠየቅ የለበትም። ከወላጆቹ አንዷ ትሰብስብ፤ በቴሌብርም ሆነ በባንክ ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት በአንድነት ታስገባለት። መምህር ሆኖ ገንዘብ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ከባድ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ክፍያ ስለዘገየበት መምህር የነገረችኝ አንዲት የፒያሳ ባለሱቅ እናት፣ ለመምህሩ ለራሱ ያለችውን እንዲህ አስታወሰችልኝ፦ "መምህር፣ አንቱ ዝም ስላሉ የተከፈለዎት መስሎኝ ነው፤ ምነው እንደ እድሩ ሰብሳቢ በር አያንኳኩም?" መምህሩ በር አያንኳኳም። እያፈረ ሁለት ወር ያስተምርና በሦስተኛው ምክንያት ፈልጎ ይቀራል። ልጆቹ ለምን እንደቀረ አያውቁም። አንድ ሰብሳቢ ብትኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ከሩቅም ከቅርብም ልምድ

እንዲህ ያለው አሠራር በአሜሪካ ሰፊ ልምድ አለው። እዚያ ልጆቻቸውን ጨርሶ ወደ ትምህርት ቤት የማይልኩ፣ በቤታቸው የሚያስተምሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ደንቡ በየግዛቱ ቢለያይም በ50ዎቹም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ነው። እነዚህ ቤተሰቦች ኅብረት ይፈጥሩና በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም በሌላ የጋራ ቦታ ይሰበሰባሉ። እናት ብቻዋን በቤት የማትወጣውን፣ የኬሚስትሪ ሙከራን፣ የድርሰት ጽሕፈትን፣ የውጭ ቋንቋን፣ ለሚያውቅበት ሰው ይሰጣሉ። አንዳንዱ ኅብረት ወላጆች በየተራ በነጻ የሚያስተምሩበት ነው፤ ሌላው በልጅ ቁጥር ለአስተማሪው የሚከፍል ነው። በዚህ መንገድ ተጨማሪ ገቢ የሚያገኙ የቀድሞ መምህራን ብዙ ናቸው።

የእኛ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉና ነገሩ አንድ አይደለም። ይሁንና እነሱ በልምድ የደረሱባቸው ጥቂት ነገሮች እዚህም ይሠራሉ። ክፍሉ የሚከፈተው ዝቅተኛው የልጅ ቁጥር ሲሞላ ነው፤ ካልሞላ አይጀመርም። ክፍያው በወር ሳይሆን ለአንድ መንፈቅ ወይም ለተወሰኑ ሳምንታት በቅድሚያ ነው፤ ስለዚህ ልጅ መሀል ላይ ቢቀር መምህሩ አይጎዳም። የወረቀትና የመሣሪያ ወጪ ከማስተማሪያው ተለይቶ ይከፈላል። ከእነዚህ ሁሉ የምወደው ግን አንዱ ነው፤ ትምህርቱ በሚሰጥበት ሰዓት ሁሉ ቢያንስ አንድ ወላጅ በግቢው ውስጥ ይኖራል። ይህ ልጆችን ይጠብቃል፤ መምህሩንም ከክፉ ወሬ ይጠብቃል። በር ዘግቶ አንድ ልጅ ለብቻ ማስጠናት፣ በተለይ ለሴት ልጆች፣ ወላጅ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው፤ የቡድኑ ጥናት ከቤት ለቤቱ የሚበልጥበት ሌላው ምክንያትም ይኸው ነው።

በጋራ መምህር መያዝን ወሎ ከሩቅ የሚማረው አይደለም። ደሴ አጠገብ ባለችው ቦሩ ሜዳ ላይ የቤተ ክህነቱ ሊቅ መምህር አካለ ወልድ ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ፣ ዳናና ጌታ በተባሉት የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ሸሆቹ ደረሳ (የሃይማኖት ተማሪ) ሲያቀሩ፣ ተማሪውንም መምህሩንም ያኖረው የአካባቢው ሰው ነበር። እህል ይሰፈርላቸዋል፣ ጎጆ ይሠራላቸዋል። የመምህሩ ኑሮ የአንድ ሀብታም ቤት ጉዳይ አልነበረም፤ የቀዬው ጉዳይ ነበር። ያ ዓይነቱ አኗኗር ዛሬ በከተማ አይመለስም። ሐሳቡ ግን፣ ማለትም ብዙ ቤት ጥቂት ጥቂት አዋጥቶ አንድ ዐዋቂን ማኖሩ፣ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ ቅሬውም (በወሎ አነጋገር ዕድሩ) የሚሠራው በዚሁ ነው።

ምን ይማራል፣ መቼ ይማራል

ብዙ የጥናት ቡድን የሚበላሸው የትምህርት ቤቱን ትምህርት እንደገና በመድገም ነው። ልጁ ክፍል ውስጥ ያልገባውን ያንኑ ምዕራፍ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በድጋሚ ይሰማል። መምህሩ አዲስ ምዕራፍ ከመክፈቱ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ልጆቹ የት ላይ እንደቀሩ ለማወቅ ቢያውል ዓመቱን በሙሉ ይጠቅመዋል።

ለስምንተኛ ክፍል ልጆች አንድ ጥያቄ ብቻ ይስጣቸው፦ ሦስት አራተኛና አምስት ስምንተኛ፣ የቱ ይበልጣል? ብዙ ልጅ አምስት ስምንተኛን ይመርጣል። ለምን ሲባል፣ አምስት ከሦስት፣ ስምንትም ከአራት ይበልጣል ይላል። ይህ ልጅ አልጀብራ ላይ ያለው ችግር አልጀብራ አይደለም። አራተኛ ክፍል ላይ፣ ጦርነቱ ባቋረጠው ዓመት፣ ሊማረው ይገባ የነበረው ክፍልፋይ ነው የጎደለው። መምህሩ ወረቀት አጥፎ አራት ቦታ፣ ሌላውን ስምንት ቦታ ከፍሎ፣ ልጁ በራሱ እጅ ሦስት አራተኛው ስድስት ስምንተኛ መሆኑን ቆጥሮ እንዲያገኘው ቢያደርግ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያች ሃያ ደቂቃ በኋላ ልጁ እኩልታ ሲፈታ የክፍልፋዩ የላይኛውና የታችኛው ቁጥር አይምታታበትም። ሰሌዳ ላይ ሃያ ጥያቄ ደርድሮ መልሱን ማስገልበጥ ግን ለወላጅ ደብተሩ ሞልቶ እንዲታይ ከማድረግ ያለፈ ጥቅም የለውም። ራሴም ያስተማርሁ ሰው ስለሆንሁ ይህን በድፍረት እናገራለሁ፦ በስምንት ልጅ ቡድን ውስጥ የሚሸጠው ዕቃ ይህ ነው፤ የልጁን ክፍተት ማግኘት። ትምህርት ቤቱ በ60 ልጅ ክፍል ሊያደርገው የማይችለው እሱን ነውና።

ሌላው ተፈላጊ ነገር የእንግሊዝኛ ንባብ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ሥነ ሕይወትን የሚያውቅ ልጅ ጥያቄውን ማንበብ አቅቶት ይወድቃል። አንድ አንቀጽ አንብቦ በራሱ አማርኛ መናገር የሚችል የስምንተኛ ክፍል ልጅ በዘጠነኛ ክፍል ሁሉም ትምህርት ይቀለዋል። ለዚህ ልዩ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ የራሱ የሳይንስ መጽሐፍ ይበቃል። መጽሐፉ በወረቀት ካልተገኘ በስልክ ያለውን አንድ ሁለት ገጽ ማተም ይቻላል።

የሰዓቱ ነገር ደሴ ላይ ከሌላ ከተማ ይለያል። በአንድ ቡድን ውስጥ የሙስሊምና የክርስቲያን ልጆች አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ዓርብ ከቀትር በኋላ ጁምዓ ነው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ነው። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት መልስ ቁርአን ቤት የሚሄድ ልጅ አለ፤ ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚሄድ አለ። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት። በእንዲህ ያለ ወቅት ለፊጥራ የሚቸኩልን ልጅ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሒሳብ ማስጠናት ለማንም አይበጅም። ይህን የሚያውቅ መምህር የመንፈቁን ቀናት ከወላጆች ጋር ቁጭ ብሎ፣ ሁለቱንም የበዓል አቆጣጠር አይቶ ያወጣል። ብዙውን ጊዜ የሚተርፉት ቅዳሜ ረፋድና በሳምንቱ መሀል አንድ ከሰዓት በኋላ ናቸው። ሁለት ቀን ይበቃል። የክፍያ ስሌቱም በእነዚያ ቀናት ላይ ሊመሠረት ይገባል።

ቦታውን በተመለከተ፣ የአንዱን ወላጅ ሳሎን በየሳምንቱ መያዝ ቤተሰቡን ያሰለቻል። የቅሬ አዳራሽ ወይም ድንኳንና ወንበር የሚቀመጥበት ቤት ያለው ሰፈር ቢጠይቅ አይከለከልም፤ ለቅሶ ከገጠመ ጥናቱ ለሌላ ቀን ይተላለፋል። የሚያስፈልገው አግዳሚ፣ አንድ ነጭ ሰሌዳና መብራት ሲጠፋ የሚሆን ብርሃን የሚያስገባ መስኮት ነው። ቅሬውም በምላሹ አንድ ነገር ሊጠይቅ ይችላል፤ መጠየቅም አለበት እላለሁ። ከስምንቱ ልጆች ጋር መክፈል ከማይችል ቤት አንድ ልጅ ያለ ክፍያ ይግባ። ከላይ ባለው ስሌት ዘጠነኛ ልጅ መጨመሩ መምህሩን የሚያስወጣው የአንድ ልጅ ፎቶ ኮፒ፣ 50 ብር ነው፤ እሱንም ስምንቱ ቤት ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ ስድስት ብር ገደማ ነው።

ኮምቦልቻ በሌላ መንገድ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ሐረጎ የሚባለውን ዳገት ወርዶ መልሶ መውጣት አለ። የደሴ መምህር ለሁለት ሰዓት ጥናት ብሎ ይህን መንገድ ቢመላለስ በሰዓት የሚያገኘው ስለሚያንስ አይመከርም። ኮምቦልቻ የራሷን ሰው ብትጠቀም ይሻላል፤ ያላትም ነው።

የኮምቦልቻ ወላጅ ብዙ ጊዜ የፈረቃ ሠራተኛ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ሰዉን በሰዓት ያንቀሳቅሱታል። ማታ ገብታ ጠዋት የምትወጣ እናት የልጇን ደብተር የምታይበት ጊዜ የላትም። ገቢዋም የማይናወጥ አይደለም፤ ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2022 መጀመሪያ ከአጎዋ (የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል) ስትወጣ ወደ አሜሪካ የሚልኩ የልብስ ፋብሪካዎች በየፓርኩ ምን እንደደረሰባቸው ይታወቃል። እዚህ የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ ተገቢ አይሆንም። ደመወዝ በሚወጣበት ሳምንት በየወሩ መክፈል፣ ይልቁንም መጠኑን ዝቅ አድርጎ የልጆቹን ቁጥር ወደ አሥር አሥራ ሁለት ከፍ ማድረግ ይሻላል። የኢንስቲትዩቱ የምሕንድስና ተማሪዎች ሒሳብና ፊዚክስ ለማስጠናት ፈቃደኛ ናቸው፤ ዋጋቸውም ከመምህር ያንሳል። ልጅን እንዴት ማስተማር እንደሚቻል ግን አልሠለጠኑበትም። አንድ ልምድ ያለው መምህር ዕቅዱን አውጥቶ፣ ሁለት ተማሪዎች ደግሞ ትንንሽ ቡድን ይዘው ቢያሠሩ፣ መምህሩ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ቢገኝ፣ ለሁሉም የሚሆን ይመስለኛል።

ግብሩን ባጭሩ ለመንካት፦ ከሁለት ሦስት ቤተሰብ የሚገኝ ትንሽ ገቢና ቤት ተከራይቶ፣ ምልክት ሰቅሎ፣ ብዙ ቡድን ይዞ የሚሠራ ሰው ገቢ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ንግድ ነው፤ ፈቃድና የግብር መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል። ወደዚያ የሚያድግ መምህር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተቀበለውንና ያወጣውን በአንድ ደብተር ቢመዘግብ በኋላ ገቢዎች ቢሮ ሲጠራው አይጨነቅም።

ትምህርት ቤቶችም ሊረዱ ይችላሉ። ቅዳሜ ተቆልፈው የሚውሉ ክፍሎች በየቀበሌው አሉ። ለወላጆች ቡድን አንድ ክፍል ከጥበቃ ጋር መፍቀድ የሚያስወጣቸው ብዙ አይደለም፤ በአንድ ግልጽ ሕግ ብቻ፣ ማለትም በዚያ ክፍል የሚያስጠናው መምህር የሚያስጠናቸውን ልጆች በመደበኛው ማርክ የማይሰጥ ከሆነ። ይህን ሕግ ርእሰ መምህሩ ጽፎ በር ላይ ቢለጥፈው መምህራኑም ከወሬ ያርፋሉ።

መንገድ ሲዘጋ ወይም ትምህርት ሲቋረጥ ምን እንደሚሆንም በመጀመሪያው ስብሰባ መነጋገር ያሻል። በዚህ አካባቢ ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። የእኔ ሐሳብ፣ ከሁለት ሳምንት ያልበለጠ መቋረጥ በማካካሻ ይሸፈን፤ ከዚያ ካለፈ ያልተማሩበት ገንዘብ ለወላጅ ይመለስ፤ መምህሩ ግን በእጁ ያዘጋጀውን ወርክሺት ለልጆቹ ይስጥ። ይህን በአንድ ገጽ ጽፎ ሁለቱም ወገን ቢፈርምበት ይበቃል።

ለመጀመር የሚያስብ ቡድን መስከረምን ባይጠብቅ እመክራለሁ። በክረምት ልጆቹ ነጻ ናቸው፣ ማርክ የሚሰጥባቸው ሰው የለም፣ መምህሩም ትርፍ ጊዜ አለው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ደሴ ላይ ከባድ ስለሆነ ቦታው ለልጆቹ ቤት ቅርብ፣ ሰዓቱም ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። ስድስት ሳምንት ለክፍልፋይ፣ ለአስርዮሽና ለእንግሊዝኛ ንባብ ይበቃል። ወላጆች ይህን የሚነጋገሩበት ጊዜ ሰኔ ላይ ነው፤ የክልሉ ፈተና እንዳለቀና ጡረተኞቹ መምህራን ለክረምቱ ወደ ገጠር ዘመድ ከመሄዳቸው በፊት።